ነጭ ጀርባ

ቱሉ ዲምቱ፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት ማዶ
ግማሽ ኮንቴይነር ተከራይቼ
ሰውን ከቆመበት እነጥላለሁ።
ሙያዬ ይኸው ነው። ስልክ አለኝ፣ ማተሚያ አለኝ፣
መብራት ሲኖር።

«ጀርባው ነጭ ይሁን» ይላል የፓስፖርቱ ሕግ።
ቤይሩት የምትሄደው ልጅ ጆሮዋን ገልጣ ትቆማለች፤
ከኋላዋ የጎረቤቴ የጋራዥ ቱታ ተሰቅሏል።
አንድ ጊዜ ስነካው ቱታው ይጠፋል፣ ምስማሩ ይጠፋል፤
ቆርቆሮው ላይ የሚያወራው ዝናብ ብቻ
አልጠፋ ይለኛል።

አፑ ሰው ያውቃል ይሉታል።
አብሬው ስለምውል እኔን ጠይቁኝ፤
ጎፈሬ ሲያይ ይደነግጣል፣ ዳር ዳሩን እንደ አይጥ ይቆረጥመዋል፤
የነጠላ ጥለት ከሰማይ ጋር ይመሳሰልበታል።
ላም ሰው አይደለችም፣ እሺ።
የታዘለ ሕፃን ግን ከናቱ ላይ ፍቆ ይጥላል፣
ጀርባ ላይ ያለ ሁሉ ጀርባ መስሎት።
ያኔ በጣቴ አጉልቼ
«ኧረ ይሄም ሰው ነው» እያልኩ
ጠርዝ ጠርዙን የምመልሰው እኔ ነኝ።

ሚያዝያ ላይ ኦቦ ጉርሜሳ መጡ፣ ከልጃቸው ከኢፋ ጋር።
ኢፋ ስልኩን ዘረጋልኝ፤ «አባዬን ብቻ አውጪልኝ፣
ኮንዶሚኒየሙ ሳሎን ይሰቀላል። ከኋላው
አረንጓዴ ነገር አድርጊበት፣ ፏፏቴም ካለሽ።»

ምስሉ ላይ ሽማግሌው ደጃቸው ቆመዋል፣ ዱላቸውን ተደግፈው።
ጭቃ ቤት፣ ግማሹ ሰማያዊ የተቀባ
(ቀለሙ አልቆ ይሆናል፣ ወይ ብሩ)፣
የጤፍ ክምር፣ ከባሕር ዛፍ የተንጠለጠለ ጎማ።
በሩ ክፍት ነው፣ ውስጡ ጨለማ።

ነካሁት።
ቤቱ ሄደ። ክምሩ ሄደ። ዱላው ራሱ ሄደ፤
እጃቸው አየር ጨብጦ ቀረ።
ኢፋ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና «ዱላውን እመልሰዋለሁ» አልኩ።

ኦቦ ጉርሜሳ አልሳቁም።
መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ አንድ ጆሮው በክር የታሰረ፤
ስልኩ ላይ ጎንበስ ብለው ፈለጉ፣ ፈለጉና
«ዲንቄስ?» አሉ።
«የቷ ዲንቄ?»
«በሩ ላይ።»

መለስኩት። አጎላሁት። አበራሁት።
እውነትም ከጨለማው ውስጥ ሩብ ፊት፣
የሻሽ ጫፍ፣ ወንፊት የያዘ አንድ ክንድ።
አፑ ከመቃኑ ጋር ቆጥሯት ነበር።
እኔም ከመቃኑ ጋር ቆጥሬያት ነበር።
ኢፋ «እማዬ» አለ፣ ሌላ አልጨመረም።

ሌላ ፎቶ የላትም። ቤቱም የለም፤
በቆመበት አሁን ብሎክ ስድሳ ሁለት ነው፣
ክምሩ በነበረበት መኪና ይታጠባል።

«እሷን ለብቻዋ ላውጣት?» ብዬ ሞከርኩ።
ስቆርጣት እድፍ ሆነች፤
መልክ የሰጣት ለካ ጨለማው ነበር።

«ተይው» አሉ፤ «ገልብጪው።
እኔን አጥፊና ሌላውን ተይልኝ።
እኔማ ይኸው አለሁ፣ የኔ መልክ ምን ይሠራልኛል?»

ገለበጥኩት። አተምኩት።
ቤት፣ ክምር፣ በር፣ ዲንቄ፤
ከፊታቸው ሰው የሚያህል ነጭ ባዶ፣
ከጎኑ ማንም ያልያዘው ዱላ ቀጥ ብሎ ቆሞ።

ሃምሳ ብር አልኩ፣ አርባ ተቀበልኩ።
መቀስ ጠየቁኝ።
እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነጩን ራሳቸውን ዙሪያውን ቆረጡት፣
በባርኔጣው፣ በትከሻው፣ በእግሩ መሐል፣
ከአፑ ይልቅ በዝግታ፣
ከአፑ ይልቅ ሳይስቱ።
የወደቀውን ነጭ ሰው ኢፋ ከወለሉ አንስቶ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ወረቀቱን ወደ ደጁ ብርሃን ከፍ አደረጉት።
በቀዳዳው ሚኒባስ አለፈ፣
የትምህርት ቤት ልጆች አለፉ፣ ሲሚንቶ የጫነ ጋሪ አለፈ፣
ሁሉም በየተራው በሳቸው ቁመት ልክ፣
ዲንቄ በር ላይ ሆና እያየቻቸው።

«ፏፏቴው ይቅር» አለኝ ኢፋ፣ ቆየት ብሎ።